ኮዱን አይቼ ስመለስ የሞላሁት ሁሉ የለም

የባንክ መተግበሪያ የምትሠሩ ባለሙያዎች ሆይ፣ አንድ ጊዜ እንኳ በርካሽ ስልክ ገንዘብ ልካችሁ ታውቃላችሁ?

የተቀባዩን የሂሳብ ቁጥር አሃዝ በአሃዝ አስገባለሁ፤ መጠኑን እጽፋለሁ፤ የምልክበትን ምክንያት እንኳ ሳይቀር እሞላለሁ። ከዚያ «በአጭር መልእክት የላክንልዎትን ኮድ ያስገቡ» እባላለሁ። ኮዱን ለማየት ወደ መልእክቶቼ ሄጄ ስመለስ መተግበሪያው ከአርማው ጀምሮ እንደ አዲስ ይከፈታል። «እንኳን ደህና መጡ!» ከየት መጣሁ? እዚሁ ነበርኩ እኮ! እንደገና ሞልቼ እስክጨርስ ኮዱ ጊዜው ያልፍበታል፤ ሌላ ይላካል፤ እሱን ለማየት ደግሞ እንደገና መውጣት ነው።

ስልኬ ያለው ራም፣ ማለትም የሥራ ማኅደረ ትውስታ፣ 2 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ አውቃለሁ። ቦታ ሲጠበው አንድሮይድ ከጀርባ ያለውን መተግበሪያ ይዘጋል። በዚህ አልወቅሰውም፤ ያለችውን አብቃቅቶ ማደር ግዴታው ነው። ደግሞም ሰው ከገጹ ሲወጣ መተግበሪያው የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ ዕድል ይሰጠዋል። ዕድሉን ማን ተጠቀመበት?

እጥረቱ እንደሆነ ዛሬ አልተፈጠረም። ከዊንዶውስ በፊት በነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ በዶስ ዘመን፣ ፕሮግራሞች የሚሯሯጡት በ640 ኪሎባይት ውስጥ ነበር። ከዚያ የሰፋውን ፕሮግራም ጸሐፊው ኦቨርሌይ በሚባሉ ክፍሎች ይቆራርጠዋል፤ ተራው የደረሰው ክፍል ከዲስክ መጥቶ ተራው ባለፈው ቦታ ላይ ይጫናል። ማን ወጥቶ ማን ይግባ የሚለው ራስ ምታት የጸሐፊው እንጂ የተጠቃሚው አልነበረም። የጨረቃ መንኩራኩሩን አፖሎ 11ንማ ተዉት! በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ጨረቃ ላይ ሊያርፍ ሲወርድ የኮምፒውተሩ የሥራ ቦታ ሞልቶ 1202 የሚል ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ኮምፒውተሩ እዚያው አየር ላይ ራሱን እንደገና አስነሥቶ ዋና ዋና ሥራዎቹን ካቆመበት ቀጠለ። የሚጻፍበት ማኅደረ ትውስታው 4 ኪሎባይት ገደማ ነበር፤ የእኔ ስልክ ግማሽ ሚሊዮን እጥፍ ያህል አለው። አንድ የሂሳብ ቁጥር ግን መያዝ አቃተው።

ለደንበኞች አገልግሎት ስደውል የተሰጠኝ ምክር «ስልክዎን ይቀይሩ» ነው። በየትኛው ደመወዝ?

ከመተግበሪያው ሳልወጣ ማሳወቂያውን ከላይ ወደ ታች ስቤ ኮዱን ላነብ ሞከርኩ። መልእክቱ «ውድ ደንበኛችን፣ ባንካችንን ስለመረጡ ከልብ እናመሰግናለን» ብሎ ይጀምርና ኮዱ ጋ ሳይደርስ ይቆረጣል። ምስጋናው ይቅርብኝ፤ ቢያንስ ቁጥሩን መጀመሪያ ላይ ጻፉት!