ደጀን ላይ አሥር ደቂቃ

ይህን ነገር ሳልጽፈው ብዙ ጊዜ ቆየሁ። ዛሬ ግን መሮኛል። ማፈርም ሰልችቶኛል።

አራት ልጆች ወልጃለሁ። ከመጨረሻው ልጅ ወዲህ ሽንቴ ያመልጠኛል። ሳስል፣ ሳስነጥስ፣ ከት ብዬ ስስቅ፣ ጀሪካን ሳነሳ ጠብ ይላል። ቤቴ ስሆን ችግር የለውም። ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ ሥራዬን እቀጥላለሁ። መከራዬ መንገድ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ መሄድ ነበረብኝ። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌላው ሰው ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ያስባል። እኔ የማስበው መኪናው የት እንደሚቆም ነው። ከዋዜማው ከሰዓት ጀምሬ ውሃ አልቀመስኩም። ጥቁር ቀሚስ ለበስኩ፤ ጥቁር እርጥበት አያሳይም። ሁለት ሞዴስ ደረብኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ቅያሪ ሙታንታ፣ ሌላ ሦስት ሞዴስ፣ ሶፍትና ሁለት ጥቁር ፌስታል ያዝኩ። ወንበሩ ላይ ነጠላዬን አራት አጥፌ ተቀመጥኩበት። አጠገቤ ያለው ሰው ሲንቀሳቀስ ሁሉ «ሸተተው እንዴ?» እያልኩ ልቤ ይመታል።

መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይፈስሳል። ደጀን ልንደርስ ስንል ረዳቱን ጠራሁት።

«የኔ ወንድም፣ እባክህ ደጀን ላይ አሥር ደቂቃ ቁሙልኝ።»

«ማዘር፣ ትንሽ ቻይው፤ ጎሐ ጽዮን እንቆማለን» አለኝ። ጮክ ብሎ ነው ያለኝ። ከኋላ ያሉት ሁሉ ሰሙ።

ዓባይ በረሃን የወረደ ያውቀዋል። ከደጀን ጎሐ ጽዮን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ግን ሜዳ አይደለም። ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መውጣት ነው። ጥምዝ በጥምዝ ነው። ከፊት ተሳቢ ካለ በእርምጃ ነው የሚሄደው፤ መቅደም አይቻልም። ሙቀቱ ሌላ ነው። ወንድ ቢጨንቀው ወርዶ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ይገላገላል። እኔ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ግድግዳ፣ መሀል ላይ ሙሉ መኪና ሰው እያየኝ የት ልቀመጥ?

አልቻልኩትም። ቁልቁለቱን ሳንጨርስ መጣ። ሞዴስ የተሠራው ለወር አበባ ነው፤ ሽንት በአንዴ ሲለቀቅ አይዘውም። ጭኔ ላይ ሙቀቱ ሲወርድ ተሰማኝ። ጥርሴን ነክሼ፣ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በመስኮት የማየው መስዬ አለቀስኩ።

ጎሐ ጽዮን ደረስን። አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ሽንት ቤት ጠየቅሁ። መጀመሪያ ምግብ እዘዢ አሉኝ። ብር ሰጥቼ ቁልፍ ተቀበልኩ። በሩ መቀርቀሪያ የለውም። ውሃ የለም። ቆሻሻ መጣያ የለም። በሩን በአንድ እግሬ ደግፌ፣ ቀሚሴን በጥርሴ ይዤ ሞዴስና ሙታንታ ቀየርኩ። የረጠበውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። እስከ አዲስ አበባ እግሬ ሥር ይዤው ሄድኩ።

ወገኖቼ፣ የሚያንገበግበኝ ሕመሙ አይደለም። የወለደች ሴት ብዙ ጊዜ የሚያጋጥማት ነገር ነው። ሽንት የሚይዙት የታች ጡንቻዎች በእርግዝናና በምጥ ይላላሉ። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት በደንብ ያስረዳችኝ። ሽንትሽን እንደምትይዢ አድርገሽ ጨምቂ፣ አምስት ቆጥረሽ ልቀቂ፤ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ፤ ለውጡን ለማየት እስከ ሦስት ወር ታገሺ አለችኝ። ጀምሬዋለሁ። ውሃ መተዌን ስነግራት ግን ተቆጣችኝ። ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍራል፤ ፊኛን ይቆጠቁጣል፤ ጭራሽ ቶሎ ቶሎ ያስመጣል፤ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል። ከመንገድ በፊት መቀነስ ያለብሽ ቡናውን ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ ውሃውን ትቼ ቡናዬን ሦስቴ ጠጥቼ ነበር የተሳፈርኩት!

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከከባድ ምጥ በኋላ ሽንቷ ቀን ከሌት ያለማቋረጥ የሚፈስስ ሴት ካለች ያ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። በስፖርት አይድንም፤ ቀዶ ሕክምና ግን አለው። ባሕር ዳር የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ። እባካችሁ እቤት አታስቀምጧት።

እናቴ ትዝ አለችኝ። ሰባት ወልዳለች። በኋላ ደምበጫ ገበያ መሄድ ተወች። ቅዳሴ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ነበር የምታስቀድሰው። አጎቷ ሲሞት ለቅሶ ሳትደርስ ቀርታ ዘመድ ተቀየማት። ስንጠይቃት «እግሬን አሞኝ» ትለን ነበር። እግሯን ቅቤ ስናሽላት ኖርን። አሁን ሳስበው እግሯ ምንም አልነበረም። መንገዱን ፈርታ ነው። ጌታዬ ሆይ፣ እውነቱን አንድም ቀን ሳናውቅላት ሄደች።

ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ የእናንተም እናት በዚሁ መንገድ ትሄዳለች። ዓባይ በረሃን ከመውረዳችሁ በፊት ደጀን ላይ አሥር ደቂቃ ቁሙ። ሳትጠየቁ ቁሙ። አንዲት ሴት በሰው ፊት እጇን አውጥታ እንድትለምን አታድርጓት። መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላችሁም፣ መቀርቀሪያ፣ አንድ ባልዲ ውሃና ክዳን ያለው መጣያ ስንት ብር ነው? አስከፍሉን፤ እንከፍላለን። ብቻ በሩ ይዘጋ።

በቅርቡ ልጄ ባሕር ዳር ትመረቃለች። እሄዳለሁ። ውሃዬንም እየጠጣሁ እሄዳለሁ። መናኸሪያ ደርሼ ሒሳብ ከመክፈሌ በፊት ሾፌሩን እጠይቀዋለሁ፤ ፍኖተ ሰላም ትቆማለህ? ኮሶበርስ ትቆማለህ? አልቆምም ካለኝ ዕቃዬን አውርጄ ቀጣዩን መኪና እጠብቃለሁ።