ቤዙን የመታው ሰው ስሙ የት ሄደ?

ባለፈው ቅዳሜ ማንችስተር ውስጥ ዝናብ ይዞኝ አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ የሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። እስኪያባራ ብዬ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ቆየሁ።

ሻጩ የኒው ኦርደርን "ብሉ ማንዴይ" አወጣልኝ። የዚሁ ከተማ ባንድ በፈረንጆች 1983 ያወጣው ነጠላ ዜማ ነው፣ ሰባት ደቂቃ ተኩል ገደማ። ሽፋኑ የድሮ የኮምፒውተር ፍሎፒ ዲስክ ይመስላል፣ ቀዳዳው ሳይቀር። ፊቱ ላይ የባንዱ ስም በፊደል አልተጻፈም፣ ዳሩ ላይ በቀለም ኮድ ነው ያለው። ሽፋኑን የሠራው ፒተር ሳቪል ነው። ሰውዬው ይሄን ሁሉ እንደ ዳዊት ደገመልኝ።

የጊሊያን ጊልበርት ነገር ግን ልቤን ነካው። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ናት። ዘፈኑን ዜማ በራሱ የሚያጫውት ማሽን ውስጥ ኖታ በኖታ በእጇ ታስገባ ነበር። የጻፈችበትን ወረቀት በፕላስተር እያያያዘች ስቱዲዮውን ሙሉ ዘረጋችው። ከዚያ ሁሉ መሀል አንዷን ኖታ ዘለለቻት። ዜማው ከምቱ ትንሽ ዝንፍ አለ። እንደዚያው ወጣ፣ ዓለምም ጨፈረበት። አርባ ዓመት አልፎ አንድ ሸክላ ሻጭ የተዘለለችውን ኖታ ያውቃል!

እኔ የማስበው አጎቴን ነበር። በእኛ ሰባዎቹ ውስጥ አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ቤዝ ጊታር ይመታ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበር ባንዱም ጨፋሪውም እዚያው ያነጋል። ቀን ደግሞ ካሴት ይቀርጻሉ። እሱ የተጫወተባቸው አራት ካሴቶች ቤታችን ነበሩ። የድምጻዊው ጉርድ ፎቶ አለ። የሙዚቃ ቤቱ ስልክ ቁጥር አለ። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ። ቤዙን ማን መታ? ሳክስፎኑን ማን ነፋ? የለም!

ድህነት ነው አትበሉኝ። አራት ስም ለመጻፍ ስንት ቀለም ይፈጃል? አሁን ነጠላ ዜማ ዩቲዩብ ላይ ሲለቀቅ ቅንብሩ፣ ሚክሲንጉ፣ ማስተሪንጉ የማን እንደሆነ ይጻፋል፣ ደስ ይላል። የያኔዎቹ ግን እያረጁብን ነው። የዋሊያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እንኳን ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ ካሴቱን አንድ ፈረንጅ ባሕር ዳር አግኝቶ ነው በፈረንጆች 2013 እንደገና ያወጣለት። እኛ የት ነበርን?

ማታ ለአጎቴ ደወልኩ። "ጋሼ፣ ስትቀርጹ የተሳሳታችሁት ነገር ነበር?" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። አንዱ ዘፈን ላይ ድራመሩ ቀድሞ ገብቷል። አስቀራጩ "ሰዓት አልቋል" ብሎ እንዳይደግሙ ሲከለክላቸው፣ እሱ በቤዝ ሮጦ ደርሶበታል። ሁለተኛው አዝማች ላይ፣ ሳክስፎኑ ከመግባቱ በፊት። በስልክ እያንጎራጎረ አሰማኝ። እስክሪብቶ ፈልጌ የድራመሩን፣ የሳክስፎኑን፣ የጊታሩን ስም አንድ በአንድ አስነገርኩትና ጻፍኩ። የሱንም ጨመርኩበት።