እኔም እንደናንተ ትናንት ነው የመጣሁት!

ከዕረፍት ከተመለስን ሦስተኛ ቀናችን ነው። የልብሱ ክምር አሁንም ኮሪደሩ ላይ ተራራ ሠርቶ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ለጊዜው ተራራ የሚባል ነገር ማየት አልፈልግም። ስለዚህ ትንሽ ልተንፍስ፤ ካልሆነ እፈነዳለሁ።

«ጸጥ ያለ ቦታ እንሂድ» ያለው ባለቤቴ ነው። ይመዝገብልኝ። ስልክ የማይጮህበት፣ መኪና የማይበዛበት፣ ንጹሕ አየር ያለው ትንሽ የተራራ ከተማ አገኘ። ልጆቹ ጨፈሩ። አማቴም «አየር ልለውጥ» ብለው ተነሡ። እውነቱን ለመናገር እኔም ጓጉቼ ነበር። አምስት ቀን ቁጭ ብዬ የማነብ መስሎኝ ሁለት መጽሐፍ ያዝኩ። አንዱን ገጽ 11 አድርሼዋለሁ።

ዝግጅቱን አልተርክም። የአምስት ሰው ሻንጣ ማን እንዳዘጋጀ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉልኝ። ዕቃ ስንጭን ባለቤቴ ፕሬዠር ኩከሬን ከመኪናው ኋላ አውርዶ ታጣፊ ወንበሩን አስገባ። «ቦታ ጠቦ ነው» አለኝ። «ደግሞ ለአምስት ቀን ድስት ምን ያደርግልሻል?» ይህቺን ወንበር እንዳትረሷት።

መንገዱ ጥምዝምዝ ነው። ትንሹ ልጄ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ጌም ይጫወታል። ተው አልኩት። ዓይንህ የሚያየው አንድ ቦታ የቆመ ነገር፣ ጆሮህ ውስጥ ያለው ሚዛን የሚነግርህ ሌላ፤ አንጎልህ ሲምታታበት ሆድህ ይገለበጣል። ቀና በልና ሩቅ ሩቁን እይ። ማን ሰምቶኝ! የኔ ቦርሳ ላይ አስመለሰው። ባለቤቴማ ምን አለበት፣ መሪ የያዘ ሰው መታጠፊያውን ቀድሞ ስለሚያውቀው እምብዛም አያመውም። ወደ ላይ ስንወጣ የውጭው የአየር ግፊት ቀነሰና የችፕሱ ከረጢት እንደ ፊኛ ተነፋ። ልጆቹ ይጫኑታል፣ ይስቃሉ። ድም! አማቴ ጎማ የፈነዳ መስሏቸው ጮኹ። ከዚያ ደግሞ ጆሯቸው ተደፈነ። «ምራቅዎን ይዋጡ እማማ፣ ያፋሽኩ» እላለሁ። «ምን አልሽ?» ይላሉ። እስክንደርስ ወሬያችን ይኸው ነበር።

ከተማዋ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ባለቤቴ «ፀሐይ ነው አሉ» ብሎ የልጆቹን ሹራብ አስቀንሶኛል። ፀሐይማ አለ! ግን 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይወርዳል። ጨረሩ ደግሞ በተቃራኒው 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ልጆቼ በአንድ ቀን በብርድ ተንቀጥቅጠው አፍንጫቸው በፀሐይ ተላጠ። ማታማ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁለቱን ተንሸራትቶ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። የተከራየነውም ቤት እዚያው ሸለቆው ውስጥ ነው።

ይሄ ሁሉ ግን ምንም አይደለም። ተራራው አልበደለኝም።

ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ገና ሻንጣ ሳላወርድ ተጀመረ። «እማዬ፣ መብራቱ የት ነው የሚበራው?» «እማዬ፣ ፎጣ የት ነው?» «ማንኪያ የት ነው ያለው?» «ሙቅ ውሃው ለምን አይመጣም?» አማቴ ሳይቀሩ «ልጄ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ የት አስቀመጡት?» አሉኝ። ባለቤቴ፣ ቤቱን ራሱ መርጦ፣ ራሱ ደውሎ የተከራየው ሰውዬ፣ ከመታጠቢያ ቤት ጮኾ «ሳሙናውስ?» አለኝ።

እኔ እኮ እንደናንተ ትናንት ነው የመጣሁት! ያንን ቤት በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። መሳቢያ መክፈት እችላለሁ፣ ልክ ነው። እናንተም ጣት አላችሁ። ግን አይሆንም፤ እኔ የረገጥኩት ቤት ሁሉ ወዲያው የኔ ኃላፊነት ይሆናል። ደግሞ የሚገርመው፣ ማግኘቴ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ የሻማውን፣ የመክፈቻውን፣ የመጠባበቂያ አምፖሉን ቦታ በቃሌ አውቀው ነበር። ጥፋቱ የኔም ሳይሆን አይቀርም።

በዚሁ መሀል የደረቀ ባቄላ ጣድኩ። ውሃው ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ መስኮቱን ሸፈነው፣ ባቄላው ግን ጠጠር ነው። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። እሳቱን ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። መፍትሔው እንፋሎቱን አፍኖ የሚያበስል ድስት ነው። ዴኒ ፓፒን የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1679 ሠርቶት ነበር። ይኸው ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ የኔ ባል ከመኪና አወረደው። አራት ሰዓት ሙሉ ምድጃ ላይ ተገተርኩ። እሱ ውጭ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ «አልደረሰም እንዴ?» ይላል።

ጸጥታውስ? ጸጥታውን የፈለገ አልነበረም። ከተማዋ በተራራ የተከበበች ስለሆነች ኔትወርክ ሸለቆው ድረስ አይወርድም። ስልክ የማይጮህበት ቦታ የናፈቀው ሰውዬ በሁለተኛው ቀን ስልኩን ሽቅብ አንጠልጥሎ ጉብታ ለጉብታ ሲዞር ዋለ። አንዲት ድንጋይ ላይ ሲቆም ሁለት መስመር ያገኛል። ከዚያ ወዲያ ድንጋይዋ ቢሮው ሆነች። ትልቋ ልጄ «እዚህ ሰው እንዴት ይኖራል?» እያለች ተኮራምታ ሰነበተች። ትንሹም ተራውን ጠብቆ ድንጋይዋ ላይ ይወጣል። እንቅልፍም ቢሆን ተረት ነው። አዲስ ቦታ የመጀመሪያ ሌሊት አንጎላችን በግማሽ ልቡ ነቅቶ ይጠብቃል ይላሉ። የኔው በሙሉ ልቡ ነው የጠበቀው። ቤት ውስጥ በመኪና ድምፅ የሚሸፈነው የአማቴ ማንኮራፋትም እዚያ ጥርት ብሎ ይሰማል።

አንድ ጠዋት ብቻ፣ አራተኛው ቀን ላይ፣ ሁሉም ተኝተው ሻይ ይዤ ወጣሁ። በዚያችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶ የቤቶቹ ጣሪያ ብቻ ብቅ ብቅ ብሏል። ወፍ እንኳን የሚያወራው ቀስ ብሎ ነው። ለካ ሰው የሚሄደው ለዚህ ነው አልኩ። ወንበሯም ለካ ትመቻለች! ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየሁ መሰለኝ። ከዚያ መስኮቱ ተከፈተ።

«እማዬ! ስኳሩ የት ነው?»

ባለቤቴ ትናንት ማታ ለጓደኛው በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «አእምሯችን አረፈ በቃ፣ ለከርሞም እዚያው ነን» ይላል። ስልኩን ዘጋና ወደ መኪናው ሄደ። የኋላውን ከፈተ፣ አገላበጠ፣ ዘጋ። ተመልሶ መጣ።

«ስሚ፣ ወንበሬ የት ነው?»

«እዛው በረንዳው ላይ። ቦታ ጠቦ ነው» አልኩት።