አንሱት ባዮች ይኑሩልን

ትምህርት ቤት ያልተከፈተለት፣ ፈተና የማይሰጥበት፣ ፈቃድ የማይጠየቅበት አንድ ሙያ አለ፤ የወደቀን ሰው ማንሳት። ሞተር ሳይክል ከጭነት መኪና ጋር ሲላተም ወይም ግንበኛ ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ቁልቁል ሲመጣ፣ አቧራው ሳይረግብ ባለሙያዎቹ ከች ይላሉ። አንዱ "አንሱት!" ይላል። ሌላው "ኧረ አንሱት እንጂ፣ ምን ታያላችሁ!" ብሎ ያጸናለታል። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም፤ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አልፏል።

አሠራራቸውን ማየት ነው። ሁለቱ በብብቱ፣ ሁለቱ በእግሩ ይገባሉ። ወገቡን የሚደግፍ የለም፤ መሃል ራሱን ይችላል ተብሎ ይታመናል። አንገቱም ባለቤት አልተገኘለትም፤ አምስት ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ጭንቅላት ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ በየእርምጃው ይወዛወዛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለካ ለዚህ ነው። ጌጥነቱ ለሃምሳዎቹ ነው፤ ሎሚው ምን እንደተሰማው የጠየቀ የለም።

ከሁሉም ይልቅ እኔ የማደንቀው አቋሚውን ነው። አቋሚ ማለት የወደቀውን ሰው እንደተኛ ማየት የማይችል፣ አንጀቱ የማይችልለት ደግ ሰው ነው። "ተነስ በል፣ ምንም አልሆንክም፣ እስቲ ቁም!" ይለዋል። ተጎጂው "ከወገቤ በታች አይሰማኝም፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ" ቢል፣ ለሐኪም ከዚህ የበለጠ ወሬ የለም፤ ለአቋሚው ግን ተራ መርበትበት ነው። "ድንጋጤ ነው" ይልና ቀና አድርጎ ውሃ ያስጎነጨዋል። ውሃ ለማስጎንጨት ደግሞ አንገትን ወደ ኋላ መቆልመም ግድ ነውና እሱንም አይነፍገውም። አንገት ውስጥ 7 አከርካሪ አጥንቶች አሉ። ድያፍራምን፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ አንቀሳቅሶ የሚያስተነፍሰን ነርቭ የሚነሳው እዚያው አንገት ውስጥ፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ባለው ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ላይ የተሰበረ አጥንት ተንሸራቶ ህብለ ሰረሰሩን፣ በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ፣ ከተጫነ፣ "ገለል በሉ፣ አየር ስጡት!" የሚለው ጩኸት የትም አያደርስም። አየሩማ ሞልቷል፤ የጠፋው የሚስበው ነው።

ለእውነት ያህል፣ ጥፋቱ ሁሉ የእነሱ ነው አይባልም። ብዙውን ጊዜ ህብለ ሰረሰር የሚጎዳው ግጭቱ ወይም ውድቀቱ በደረሰበት በዚያው ቅጽበት ነው፤ ማንም ቢደርስ አያተርፈውም። ግን ደግሞ አጥንቱ ተሰብሮ ህብለ ሰረሰሩ የተረፈለት ሰው አለ። በከፊል ብቻ የተጎዳ፣ ጣቱን ትንሽ የሚያንቀሳቅስ፣ ሲነኩት የሚሰማው ሰውም አለ። አንሺዎቻችን እውነተኛ ጥበባቸውን የሚያሳዩት በእነዚህ ላይ ነው። ግጭቱ ጀምሮ የተወውን ይጨርሱለታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን አንዴ ከፈሰሰ የሚለቀም ነገር የለም።

ደንበኛ እንደሆነ አያልቅባቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት ከህብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር የሚኖረውን ሰው ከ15 ሚሊዮን በላይ ያደርሰዋል። ዋነኞቹ መንስኤዎች የመኪና አደጋና ከከፍታ መውደቅ ናቸው፤ በብዛት የሚጎዱትም ወንዶች፣ ያውም በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ የቤተሰብ አስተዳዳሪዎች። በመንገድ አደጋ ከሚሞተው የዓለም ሕዝብ 92 ከመቶው የሚሞተው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ እነዚህ አገሮች ያላቸው ተሽከርካሪ ግን ከዓለም 60 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። በጥቂት መኪና ይህን ያህል መሥራት ትጋት ይጠይቃል። ቀበቶ ያለማሰርና ሄልሜትን ክንድ ላይ የማንጠልጠል አስተዋጽኦ እንዳይዘነጋ።

ከከፍታ የሚወርዱት ደግሞ ከዛፍ፣ ከጣሪያና ከግንባታ ላይ ናቸው። ባንግላዴሽን በመሳሰሉ አገሮች ከባድ ሸክም ጭንቅላቱ ላይ እንደተሸከመ አዳልጦት አንገቱን የሚሰበርም አለ። አሠሪዎችም ምስጋና ይገባቸዋል። ለሠራተኛው የሚታሰር ገመድ ከማቅረብ "ተጠንቅቀህ ሥራ" ማለት ይቀላል፣ ወጪም የለውም። በእግሩ ቆሞ የሚያርፍ ሰው መጀመሪያ ተረከዙ ይሰበራል፤ ከዚያ ኃይሉ ወደ ላይ ይወጣና ደረትና ወገብ በሚገናኙበት፣ 12ኛው የደረት አከርካሪ አጥንት ከ1ኛው የወገብ አከርካሪ አጥንት በሚዋሰንበት አካባቢ አከርካሪውን ይጨፈልቃል። ግትሩ የደረት ክፍል ከተጣጣፊው ወገብ ጋር የሚገጥመው እዚያ ነውና። ሰውዬው "ተረከዜን!" እያለ ይጮኻል። ደጎቹ ጫማውን አውልቀው ተረከዙን ያሹለታል፣ በጨርቅ ይጠቀልሉለታል፣ ከዚያ በትከሻቸው ደግፈው ያስነክሱታል። ጀርባውን የነካለት የለም። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው የተባለው እንዲህ ላለው ሳይሆን አይቀርም።

ወደ መጓጓዣው እንለፍ። አምቡላንስ መጠበቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በብዙ ድሃ አገሮች ደግሞ የሚጠበቀው አምቡላንስም የለም። ስለዚህ ሰውዬው የተገኘው ባጃጅ ውስጥ ይገባል። ቁመቱ ከወንበሩ ይበልጣል፤ ይታጠፋል። ጉልበቱ አገጩ ጋ ሲደርስ በሩ ይዘጋል፣ ካልተዘጋም ባለ ጉልበቱ ይገፋዋል። ሾፌሩ ጡሩምባውን ሳይለቅ አንድም ጉድጓድ ሳይምር ይነዳል። ቀልዱን ትተን፣ የጤና ሚኒስቴሮች ሐውልት ሊያቆሙላቸው የሚገባቸው ሰዎች እነዚህ ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ አምቡላንስ መግዛትና ባለሙያ ማሰልጠን ሊመጣ ነበር እኮ!

ሌላም መንገድ ነበር፣ ግን ደብዛዛ ነው። ከሚመጣ መኪና ወይም ከእሳት ማሸሽ ካላስፈለገ በቀር ሰውዬው ባለበት ይተኛል፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ይዞ እንዳይንቀሳቀስ ያደርጋል። መነሳቱ ግድ ሲሆን ጭንቅላት ያዡ ይቆጥራል። ሌሎቹ ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን ይዘው በቁጥሩ መሠረት እንደ ግንድ ሳይጠማዘዝ ያዞሩታል፤ ጣውላ ወይም የተነቀለ በር ከሥሩ ያስገባሉ። ይህን ለመልመድ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ችግሩ ምንድን ነው፣ ጩኸት የለውም፤ አንድ ሰው ያዛል፣ ሌላው ይታዘዛል። ሁሉም አዛዥ በሆነበት ጎዳና ላይ ማን ይሰማዋል?

ሆስፒታል ሲደረስ የአንሺዎቹ ሥራ አብቅቷል፤ ልብሳቸው ላይ ደም ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ ማታም ወጉ ይሞቃል። የዛሬ 3,600 ዓመት ገደማ የተጻፈ አንድ የግብፅ የሕክምና ጥቅልል፣ የአንገት አጥንቱ ወልቆ እጅና እግሩ የከዳውን ሰው "የማይታከም ሕመም" ይለዋል። ያ ሐኪም ቢያንስ እጁን ሰብስቧል። ፍርዱ የተሻረው በቅርቡ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1944 ሉድቪግ ጉትማን የተባለ ሐኪም እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ውስጥ ክፍል ከፍቶ፣ እነዚህ ሰዎች የሚሞቱት በአልጋ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንደሆነና ሁለቱንም መከላከል እንደሚቻል አሳየ። መድኃኒቱ ተአምር አልነበረም፤ ሽንቱን በንጽሕና መከታተል፣ ቀንም ሌሊትም በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ። ታካሚዎቹ ከአልጋ ወርደው በ1948 ቀስት ተወዳደሩ፤ ፓራሊምፒክ የሚባለው ከዚያ ተወለደ።

በድሃ አገር ግን ዛሬም ብዙዎቹን የሚወስዳቸው ያው ቁስልና ያው ኢንፌክሽን ነው። ነርሷ ለስንቱ አልጋ ትድረስ? ማገላበጡ ለሚስት ወይም ለእናት ይቀራል፤ ሰውዬው ደግሞ ከእሷ ይከብዳል። እዚህ ላይ ያ ሁሉ ጉልበተኛ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ነገረኛ አይጠፋም። ጎበዝ፣ አድልዎ አታድርጉ! ሰዎቹ የተስማሙት ለማንሳት ነው፤ ስለ ማገላበጥ ማንም አልነገራቸውም።