መጽሐፉን እስቲ ወዝወዝ አድርጊው

የእህቴ ልጅ አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣችና "አንብብልኝ" አለችኝ። ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ፣ የአሊስን የድንቅ ምድር ጉዞ ለትንንሽ ልጆች ያሳጠረ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ነው። ጀመርን። አሊስ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። ከዚያ ጠጣች፣ አነሰች። ከዚያ በላች፣ ረዘመች። ከዚያ ድመት አገኘች። ከዚያ ንግሥቲቱ ተቆጣች። ከዚያ አሊስ ነቃች። አለቀ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና "ጥንቸሉስ?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጥንቸሉ መጀመሪያ ገጽ ላይ ብቅ ብሎ በዚያው ቀርቷል።

ይህን ለአንዲት አስተማሪ ጓደኛዬ ስነግራት፣ "እኔ ድሮም ብያለሁ" አለችኝ። በእሷ እምነት ትልልቆቹን ምናባዊ ልብ ወለዶች ለሕፃን ማሳጠር ነውር ነው። አንድ ሰው ከአንድ ታላቅ መጽሐፍ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኘው አንዴ ብቻ ነው። ታሪኩን በአራት ዓመቱ ካባከነው በአሥር ዓመቱ ዋናውን ስትሰጠው "አውቀዋለሁ" ብሎ ይመልስልሃል። ስለዚህ ልጁ ይደግ፣ ዋናውን ያንብብ።

ቁም ነገር አለው። ግን አልስማማም። የማልስማማበትም ምክንያት ራሱ የአሊስ ደራሲ ነው።

ሉዊስ ካሮል የብዕር ስሙ ነው። ቻርልስ ዶጅሰን የሚባል፣ ኦክስፎርድ የሒሳብ መምህር የነበረ ሰው ነው። ጁላይ 4 ቀን 1862 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሦስት እህትማማች ልጆችን ይዞ በጀልባ ወንዝ ላይ ወጣ። ልጆቹ ተረት ንገረን አሉት። እዚያው ጀልባው ላይ እየፈጠረ ነገራቸው። መሐለኛዋ፣ የአሥር ዓመቷ አሊስ ሊድል፣ ጻፍልኝ ብላ ለመነችው። በ1864 በእጁ ጽፎ፣ ሥዕሉንም ራሱ ሥሎ ሰጣት። በ1865 ደግሞ ታሪኩን አስፋፍቶ፣ ከጆን ቴኒየል 42 ሥዕሎች ጋር አሳተመው። ዓለም የሚያውቀው ይህን ነው።

እንግዲህ "ዋናው" የቱ ነው? ጀልባው ላይ የተነገረው ነው? በእጅ የተጻፈው? የታተመው? ሰውዬው ተረቱን ሰሚውን እያየ ሲመላልሰው ኖሯል። በዚህም አላበቃም። በ1890 ለአራተኛ ጊዜ ተመለሰበት። አሁን የሚነግረው ከዜሮ እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት ነው። መጽሐፉንም "የሕፃናት አሊስ" አለው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው ይህን መጽሐፍ አያውቀውም። ካሮል ከቴኒየል ሥዕሎች 20 መርጦ፣ ትልቅ ተደርገው በቀለም እንዲወጡ አደረገ። የአሊስ ቀሚስ እዚህ ቢጫ ነው፤ ዛሬ የለመድነው ሰማያዊ አይደለም። መጀመሪያ የታተመውን 10 ሺህ ቅጂ ሲያይ ቀለሙ ከልክ በላይ ደምቋል ብሎ አልቀበልም አለ። በመቅድሙ ለእናቶች ሲጽፍ ደግሞ መጽሐፉ እንዲነበብ ብቻ አይደለም የፈለገው። ሕፃናት እንዲያገላብጡት፣ ጥጉን እንዲያጥፉት፣ እንዲጨማድዱት፣ እንዲስሙት ነው የተመኘው።

ከዚያ ታሪኩ ይጀምራል። ነጩ ጥንቸል ሊዘገይ ነው። የምትጠብቀው ዱቼሷ (የመስፍን ሚስት) ቁጡ ሴትዮ ናት፤ ከዘገየ አንገቴን ታስቆርጠኛለች ብሎ ፈርቷል። ካሮል እዚህ ላይ ወደ ልጁ ዞር ይላል። ሲንቀጠቀጥ አይታይህም? መጽሐፉን ወዲያና ወዲህ ወዝወዝ አድርገው፣ ያኔ ሲንቀጠቀጥ ታየዋለህ ይለዋል።

ይህን ሳነብ ለብቻዬ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ፍርሃቱን አላወጣውም። አንገት መቁረጥ የሚለው ቃል ሳይቀር አለ። የዛሬ አሳታሚዎች ቢሆኑ መጀመሪያ የሚሰርዙት እሱን ነው። ካሮል ግን ፍርሃቱን ወስዶ ልጁ እጅ ላይ አስቀመጠው። የሚያንቀጠቅጠው ልጁ ነው፤ የሚያቆመውም ልጁ ነው።

ድመቱ ጋም እንዲሁ። የቼሻየር ድመት ጠፍቶ ፈገግታው ብቻ የሚቀርበትን ቦታ ሁላችንም እናስታውሳለን። ካሮል የዚህን ገጽ ጥግ አጥፈው ይላል። ስታጥፈው አንደኛው ገጽ ላይ ያለችው አሊስ በቀጣዩ ገጽ ያለውን ፈገግታ ስታይ ትገኛለች። ከዚያም ይጠይቃል፤ ድመቱን ስታይ ከነበረው የበለጠ የፈራች ትመስላለች እንዴ?

በዚህ መጽሐፍ የማልወደው ነገርም አለ። ካሮል አንዳንዴ ከልክ በላይ ያባብላል። መሐል ላይ ታሪኩን ትቶ ዳሽ ስለሚባል ውሻ ያወራል፤ ልጆች ለልደቱ የአጃ ገንፎ ሰጥተውት እንቢ ስላለ ውሻ። ሕፃን ይሰለቸዋል ብዬ እፈራለሁ። ቢሆንም መንገዱ ትክክል ነው። ካሮል አላሳጠረም፤ ነገረ። ማሳጠርና መንገር ለየቅል ናቸው።

እኛ ይህን ልዩነት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን እያየን ነው ያደግነው። ወረቀት ይዘው አላነበቡልንም። ጅቡ ሲመጣ ድምፃቸው ይወፍር ነበር፣ ዓይናቸው ይፈጥ ነበር። እኛም የጅቡን ዓይን በእሳቸው ዓይን አየን። ያቺ የእህቴ ልጅ የያዘችው መጽሐፍ ግን "ከዚያ፣ ከዚያ፣ ከዚያ" ብቻ ነው። ሥዕሉ ሌላ፣ ጽሑፉ ሌላ። እዩት የሚል የለ፣ ምን ይመስላችኋል የሚል የለ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ስጋት ልመለስ። ዋናው መጽሐፍ ይባክናል ወይ? በአሊስ አይባክንም። የአሊስ ታሪክ ሕልም ነው፤ መጨረሻውን ማወቅ የሚያስቀረው ነገር የለም። ለአሥር ዓመት ልጅ የሚጠብቀው ትልቁ ደስታ የቃላት ጨዋታውና ግጥሙ ነው። ካሮል ደግሞ ለሕፃናቱ ሲነግር አብዛኛውን እሱን ነው የተወው። አላባከነውም፣ አስቀመጠው።

በነገራችን ላይ አማርኛ ላይ የሚያስቸግረውም ያው የቃላት ጨዋታ ነው። በዋናው መጽሐፍ አይጧ ተረቴን ልንገራችሁ ስትል አሊስ ጅራቷን ታያለች፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቃላት አንድ ድምፅ ናቸው። በአማርኛ ተረትና ጅራት ምን ያገናኛቸዋል? ሥዕሉ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ብዙ ወላጅ እንግሊዝኛውን በዓይኑ እያየ በአፉ አማርኛ ይናገራል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ሁሉም ልብ ወለድ ግን እንደ አሊስ አይደለም፤ እዚህ ላይ ጓደኛዬ ትክክል ናት። በ1900 የወጣውን "የኦዝ ጠንቋይ" የተባለ የልጆች ልብ ወለድ ውሰዱ። መጋረጃው ወድቆ የሚያስፈራው ጠንቋይ አንድ መላጣ ሽማግሌ ሆኖ ሲገኝ፣ ያ ድንጋጤ አንዴ ብቻ የሚገኝ ነው። ይህን በ24 ገጽ ለአራት ዓመት ልጅ አፍርጦ መንገር ስርቆት ነው። ለትንሽ ልጅ አንዷን ምዕራፍ መንገር ይበቃል። በታሪኩ ውስጥ ያለው አንበሳ እንቅልፍ በሚጥል የአበባ ማሳ ውስጥ ተኝቶ ይወጣ ይሆን ወይ የምትለዋን ብቻ። የቀረው ይቆየው።

አማርኛ የሕፃናት መጽሐፍ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ እባካችሁ አጭር ማድረጉ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ አንድ ልጅ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡና ሥዕሉን እያሳያችሁ ንገሩት። የጠየቀውን ጻፉ። የሳቀበትን ጻፉ። መጽሐፉ ከዚያ ይወጣል።

እኔ በበኩሌ የ1890ውን መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት፤ በነፃ ነው። የጥንቸሉን ገጽ በቀለም ፕሪንት አስደርጌ ለእህቴ ልጅ ወሰድኩላት። ማን እንደምትጠብቀው፣ ለምን እንደፈራ በአማርኛ ነገርኳት። "እስቲ ወዝወዝ አድርጊው" አልኳት። ወዘወዘችው። ደጋግማ ወዘወዘችው። ከዚያ ድንገት አቆመች፣ ወረቀቱን አፏ ድረስ አስጠጋችና "አይዞህ፣ ትደርሳለህ" አለችው።