ሞተሩ ባቡሩ ላይ አይደለም

ስለ ተወንጫፊ ሮለር ኮስተር፣ ማለትም ሜዳ ላይ ተወንጭፎ ዳገት ስለሚወጣው የመዝናኛ ፓርክ ባቡር፣ የተጻፈው ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ «ባቡሩ በጠንካራ ሞተሩ ኮረብታውን ይወጣል» የሚለው ግን መታረም አለበት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን የሚወጣ አይሱዙ ዳገቱን ሙሉ በሞተሩ እየገፋ ነው የሚጨርሰው። እንዲህ ያለው ተወንጫፊ ሮለር ኮስተር ግን ባቡሩ ላይ ሞተር የለም። ጉልበቱን ሜዳው ላይ ይቀበላል፣ ዳገቱ ላይ ያንኑ ይበላል።

ስሌቱን ማንም ይሠራዋል፦ ፍጥነቱን በሰከንድ ሜትር አድርጎ በራሱ ማባዛት፣ ከዚያ ለ19.6 (የመሬት ስበት 9.8 እጥፍ) ማካፈል፤ የሚገኘው ባቡሩ ሊወጣው የሚችለው ከፍታ በሜትር ነው። አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ የነበረው ኪንግዳ ካ የተባለ ሮለር ኮስተር በ3.5 ሰከንድ በሰዓት 206 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር፤ በሰከንድ 57 ሜትር ያህል ማለት ነው። ይህ ለ166 ሜትር ግድም ይበቃል፣ ማማው ግን 139 ሜትር ነበር። ከትርፉ ብዙውን የአየር መቋቋምና የጎማ ሰበቃ ይወስዱታል፤ የተረፈው ጫፉን ያሻግረዋል። ልብ በሉ፣ ክብደት እዚህ ስሌት ውስጥ የለም፤ የሚመጣው የማስወንጨፊያው አቅም ሲለካ ነው።

የኪንግዳ ካ ማስወንጨፊያ ሃይድሮሊክ ነበር፦ ፓምፖች ዘይት እየገፉ ናይትሮጅን ያምቃሉ፤ ሲለቀቅ ዘይቱ ሞተሮችን ያሽከረክራል፣ እነሱም ከበሮ ያዞራሉ፣ ከበሮው የብረት ገመድ እየጠቀለለ ባቡሩን ይስባል። አሁን አሁን የሚመረጠው ኤሌክትሮማግኔት ነው፤ ሐዲዱ ላይ የተደረደሩ የሽቦ ጥቅልሎች በየተራ እየበሩ ባቡሩ ላይ ያለውን ማግኔት ይገፋሉ።

የፊት ነፋስ ሲበረታ ወይም የማስወንጨፊያው ግፊት ትንሽ ሲያንስ ባቡሩ ጫፍ ሳይደርስ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ይህ ታስቦበት የተሠራ ነው፦ ባቡሩ እንዳለፈ ሐዲዱ ላይ የሚነሱት የማግኔት ብሬክ ሳህኖች ሲመለስ ያበርዱታል፣ ማግኔቱም ቋሚ ስለሆነ መብራት አይፈልግም።