ለብቻው የሚጾም ሰው በሱሁር ይደወልለት
ረመዳንን ለብቻ ስለመጾም የወጣው ጽሑፍ «ብቻውን የሚጾም በኢፍጣር (ጾም በሚፈታበት) ሰዓት ለቤተሰቡ ይደውል» የሚለው ምክር አልተዋጠልኝም። በዚያ ሰዓት እናት ሾርባ ስትቀዳ፣ አባት ለመግሪብ ሶላት ሲጣደፍ ማን ያወራሃል? እዚህ ጅማ ቤት ተከራይቶ ለብቻው ለሚጾም ሰው የሚከብደው ሱሁር፣ ጎህ ሳይቀድ የሚበላው ምግብ፣ ነው፤ ቀስቃሽ የለም፣ አልጋው ይጎትታል። እኔ እዚሁ ጅማ ሄርማታ ሰፈር፣ እህቴ አጋሮ ከተማ ሆነን ቀድሞ የነቃ ይደውላል፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን እየበላን እናወራለን፣ የሳህኗ ኳኳታ ሁሉ ይሰማኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ሱሁር ብሉ፣ በሱሁር ውስጥ በረከት አለ» ብለዋል እኮ። ጽሑፉ የዘለለው ደግሞ ቡናን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጅማን ሰው ከሰዓት በኋላ ራሱን የሚፈልጠው ረሃብ ብቻ ሳይሆን የቀረበት ቡና ጭምር ነው፤ ከረመዳን በፊት ካለው ወር፣ ከሻዕባን ጀምሮ ሲኒውን እየቀነሱ መግባት ይሻላል፣ ማታ ማታም ውሃ ደጋግሞ መጠጣት። ከላይ በአስተያየትህ «ተራዊህ (የረመዳን ሌሊት ሶላት) ያለ ጀመዓ፣ በጋራ ካልተሰገደ፣ ምን ዋጋ አለው» ላልከው ወንድሜ፦ ነቢዩ ራሳቸው ጥቂት ሌሊት መስጊድ ካሰገዱ በኋላ ግዴታ እንዳይሆንባችሁ ፈራሁ ብለው ቀርተዋል፤ ክፍልህ ውስጥ ስገድ፣ አትዘን። ስኳር ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር እባካችሁ አይጹም፤ ብቻውን ቢወድቅ የሚደርስለት የለም።